በሽቦ የመጣ ዲስክ

ጥቅምት 4

ብርዱ ጀምሯል። ጠዋት የጉና ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ባጃጅ ግን የለም። በእግሬ ወረድኩ። የክሊኒኩ ጥበቃ ዓለምነው በር ላይ እሳት እየሞቀ፣ "ዛሬስ አፍንጫሽ ቲማቲም መስሏል" አለኝ። መልስ ልሰጠው ፈልጌ ነበር... ከንፈሬ አልታዘዘኝም።

ካርድ ክፍል ስገባ ማተሚያው ወረቀት ነክሶ ቆሟል። የክፍሉ ኃላፊ እትዬ ዘነበች በስሜ ጠርተው፣ "የምስራች፣ ነይ እስቲ ይኸን ጥርሳም አስለቅቂኝ" አሉ። አስለቀቅኳቸው። ከዚያ ካርድ ማመላለስ። የቅጥር ደብዳቤዬ "የአይቲ ባለሙያ" ይላል። ጫማዬ ግን ካርድ አመላላሽ መሆኔን ያውቃል።

ከሰዓት ካርድ ላደርስ ራጅ ክፍል ገባሁ። ራጅ አንሺያችን ጌጡ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያጠፋል።

"ምን እያጠፋህ ነው?"

"አሮጌ ራጅ። ዲስኩ ሞልቷል። ካላጠፋሁ አዲሱን አይቀበለኝም።"

"የሰው ራጅ?"

"የማን ሊሆን ነው ታዲያ፣ የበግ?"

ሳቅኩ። ከወጣሁ በኋላ ግን ሳቁ አልተዋጠልኝም።

ጥቅምት 7

አቶ ሙላቴ የሚባሉ አባት መጡ። ከጉና ሥር። የሳንባ መድኃኒት ከጀመሩ ቆይተዋል፤ ዛሬ ለውጡ ሊታይ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ዳኛቸው አዲሱን ራጅ አየና "ያለፈውን አምጣልኝ" አለው ጌጡን።

ጌጡ መሬት መሬት አየ።

ፊልም ማተም ካቆምን ቆይተናል። ያለው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ብቻ ነው። እሱም... የለም።

"አባቴ፣ ያለፈው ጠፍቶብናል። ይቅርታ ያድርጉልን" አለ ዶክተሩ።

አቶ ሙላቴ አዲሱን ራጅ አሻግረው አዩ። "እና የዛሬውን ከየቱ ጋር ሊያስተያዩት ነው?" አሉ። "እኔ እኮ ገብሴን ሳላጭድ ነው የወረድኩ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በሩ አጠገብ ካርዳቸውን ይዤ ቆሜያለሁ። አይቲ ባለሙያ...

ጥቅምት 11

ስብሰባ። ዶክተሩ "ይኸ ነገር አይደገምም" አለ። ጌጡ ሙሉ አዲስ ኮምፒውተር ከነፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ ይምጣ አለ። "ከየት አምጥቼ?" አለ ዶክተሩ።

"አንድ ነገር ልሞክር?" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ዶክተሩ ስልኩን እያየ "ሞክሪ" አለ። ግዴለም። ሞክሪ ብሏል።

ጥቅምት 12

የራጁን ኮምፒውተር ከፈትኩት። የጫማ ካርቶን ያክላል። የአንድ ዲስክ ቦታ ብቻ ነው ያለው። ሁለተኛ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

በውጭ የሚሰካ ዲስክ ሰካሁ። ሲጸዳ መወልወያው ገመዱን ነካው፣ ተነቀለ፣ ፕሮግራሙ ደነዘዘ። አይሆንም።

በኔትወርክ የጋራ ፎልደር ከፍቼ "እዚህ አስቀምጥ" አልኩት። እምቢ። የራሴ ዲስክ ካልሆነ አላስቀምጥም ነው ነገሩ። ኩሩ ነው፤ እንደ ጌጡ።

ተስፋ ቆርጬ ካርድ ክፍል ተቀመጥኩ። ጥግ ላይ ትልቁ ሰርቨር ያንጎራጉራል። በሰፋፊ ዲስክ ተሞልቶ ግማሹን እንኳ አልተጠቀመበትም። እዚያ ማዶ አንዱ ቦታ አጥቶ የሰው ሳንባ ያጠፋል፤ እዚህ ሌላው ባዶ ጎተራ ይጠብቃል። በመሃል ያለው ግቢው ብቻ ነው።

ሁለቱም የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ዲስኩ እዚህ ተቀምጦ እዚያ ቢታይስ? ፎልደሩ ሳይሆን ራሱ፣ ጥሬው ዲስክ?

ኮሌጅ እያለን መምህራችን በአንድ ክፍለ ጊዜ ጠቅሶት አልፏል። ዲስክን በኔትወርክ ማዋስ። የተዋሰው ኮምፒውተር ዲስኩ በራሱ ሆድ ውስጥ ያለ ይመስለዋል። ፎርማት ሁሉ ያደርገዋል። ያኔ "ለምን ይጠቅማል?" ብዬ ነበር በሆዴ...

ጥቅምት 16

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልምምድ። የኔን ላፕቶፕ "ሰጪ" አደረግኩ። ከኮሌጅ ጓደኛዬ ከትዕግሥት የተዋስኩትን አሮጌ ኮምፒውተር ደግሞ "ተቀባይ"። በመሃላቸው አንድ ኬብል።

በሰጪው በኩል ከዲስኩ ቆርሶ ማዘጋጀት፣ ስም ማውጣት፣ ለማን እንደሚሰጥ መጻፍ። በተቀባዩ በኩል ሰጪውን ፈልጎ ማግኘትና "ስጠኝ" ብሎ መግባት። ሲነበብ ቀላል ነው።

ተቀባዩ አንኳኳ። ዝም። ለካስ የላፕቶፔ ፋየርዎል፣ ከውጭ የሚመጣውን የሚከለክለው፣ በሩን ዘግቶበታል። ከፈትኩለት። አሁን ደግሞ "አላውቅህም" አለው።

ጥቅምት 17

አሁንም አላውቅህም።

ትዕግሥት ደውላ "ሠራልሽ?" አለች። "ሊሠራ ነው" አልኩ። ምን ልበላት?

ጥቅምት 18

አንዲት ፊደል! አንዲት!

ተቀባዩ የራሱ የሆነ ረጅም ስም አለው። ሰጪው የሚያስገባው ያ ስም የተመዘገበለትን ብቻ ነው። ስመዘግበው በእንግሊዝኛው ኤል ፊደል (l) ፈንታ የአንድ ቁጥርን (1) ጽፌ ኖሯል። ለሥራ ስሄድ ቪዛዬ ላይ ስሜ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ኩዌት ኤርፖርት ወንበር ላይ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ ይኸን እኔ ማየት ነበረብኝ እኮ!

አስተካከልኩ። "ያሉህን ዲስኮች ዘርዝር" አልኩት ተቀባዩን። ዘረዘረ። ሁለት! አንዱ የራሱ። ሌላው ጠረጴዛው ማዶ ካለው ከኔ ላፕቶፕ የተቆረሰው።

ተነስቼ ኬብሉን በእጄ ዳሰስኩት። በዚህ ቀጭን ሽቦ ውስጥ ዲስክ አለፈ? ብቻዬን እልል አልኩ። አከራዬ ከጓሮ "ምን ተገኘ?" አሉ። "ዲስክ!" አልኩ። "እሰይ! ሰርቀውሽ ነበር?"

ጥቅምት 19

ትናንት እልልታ፣ ዛሬ ላብ።

የኩዌት ፎቶዎቼን ቅጂ ተቀባዩ በተዋሰው ዲስክ ላይ አስቀመጥኩ። "እስቲ በሰጪውም በኩል ይታይ እንደሆን" ብዬ በላፕቶፑም ከፈትኩት። በሁለቱም በኩል ባንዴ። ሁለቱም ጻፉበት፣ ሁለቱም "የኔ ነው" አሉ፣ አንዱ የሌላውን አያይ። ዘግቼ ስከፍት ግማሹ ፎቶ የለም። የቀረውም ግማሽ ፊት፣ ግማሽ ግራጫ።

ደግነቱ ቅጂ ነው። የሰው ሳንባ ቢሆንስ ኖሮ?

በልቤ ይጻፍ። ይኸ የጋራ ፎልደር አይደለም። አንድ ዲስክ፣ አንድ ባለቤት። ሰጪው ያስቀምጥለታል እንጂ አይከፍትበትም። አደራ ማለት ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ሣጥኑን ይጠብቃል እንጂ አይፈታም።

ጥቅምት 24

ለዶክተሩ አስረዳሁ። ጌጡም እትዬ ዘነበችም ነበሩ።

"ዲስኩ ካርድ ክፍል ይቀመጣል። የራጁ ኮምፒውተር ግን የራሴ ነው ብሎ ያምናል።"

"ያምናል?"

"ያምናል።"

"ጌጡስ ያምናል?"

ሁሉም ሳቀ፤ ጌጡ ሲቀር። "የኔን ማሽን መለማመጃ አታድርጉት" አለ። እውነቱን ነው። ማሽኑ ቢቆም ሰልፉ ፊት የሚቆመው እሱ ነው። ቤት የሠራሁትን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አሳየኋቸው። ዶክተሩ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዛሬ ስልኩን አላየም! ስለ አቶ ሙላቴ ራጅ ጠየቀኝ፤ "የጠፋው አይመለስም፣ የሚመጣው ግን አይጠፋም" አልኩ።

እትዬ ዘነበች ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "አንቺ ልጅ፣ ይኸን ሁሉ የት ደብቀሽው ነበር?" አሉኝ።

የት ደብቄው ነበር? ኩዌት የምሠራበት ቤት ኢንተርኔቱ በጠፋ ቁጥር የሚጠሩት እኔን ነበር። ሽቦ ነቅዬ እሰካለሁ፣ ይመለሳል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። እዚያ ነው የጀመረኝ። ተመልሼ ኮሌጅ ስገባ "ምነው ትዳር አትይዢም?" ያላለ ሰው የለም። ደብቄው አይደለም... ጠይቆኝ የሚያውቅ አልነበረም እንጂ።

ጥቅምት 28

ግቢው ተቆፈረ። ኬብሉ በቱቦ ውስጥ፣ ቱቦው ከመሬት ሥር። ለሁለቱ ማሽኖች ብቻ የሚሆን የራሱ መስመር ነው፤ የእንግዳ ዋይፋይ አይነካውም፤ የታካሚ ነገር ነው። ዓለምነው ቆፋሪዎቹን ያዛል፤ አንድ ቀን እንኳ ዶማ ያልጨበጠ ይመስል ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ "ወደ ግራ! ወደ ግራ!" ይላል።

አንድ ታካሚ "ውኃ ሊገባ ነው?" ብለው ጠየቁት።

"ራጅ ነው የሚፈስበት" አላቸው። አልተሳሳተም።

ኅዳር 7

እሑድ። ራጅ ክፍል ዝግ ነው። ጌጡ ሳልጠራው መጣ። ወንበር ስቦ፣ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። "አንድ ነገር ቢበላሽ እዚህ ነኝ" አለ። ለማጽናናት ነው ለማስፈራራት?

ካርድ ክፍል ሰርቨሩ ላይ ሰፊ ቦታ ቆረስኩ፣ ስም ሰጠሁት፣ የራጁን ኮምፒውተር ስም ፊደል በፊደል ጮክ ብዬ አንብቤ መዘገብኩ። ግቢውን አቋርጬ ራጅ ክፍል ገባሁ። አንኳኳ። ተከፈተለት። ዲስክ ዘርዝር... ሁለት።

ፎርማት አደረግኩት። የፕሮግራሙን ማስቀመጫ ወደ አዲሱ ዲስክ አዞርኩ። እምቢ ይል ይሆን? ጠበቅኩ። ተቀበለ! ፎልደሩን የናቀው ኩሩ ፕሮግራም ዲስኩን ምንም ሳይጠይቅ ተቀበለ።

ጌጡ ተነስቶ መጣና ስክሪኑን አየ። ቀሪ ቦታ የሚለውን ቁጥር በጣቱ ቆጠረ፣ እንደገና ቆጠረ። "ይኸ ሁሉ የኔ ነው?" አለ።

"ያንተ ነው።"

ወደ ወንበሩ ተመለሰ። እጁን ግን አላጣመረም።

ኅዳር 8

የመጀመሪያው ራጅ ግቢውን አቋርጦ ሄደ። ፍቅርተ ትባላለች፣ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ። ሳሉ አልለቃት ብሎ ነው የመጣች። ሳንባዋ ላይ ጥላ አለ። መድኃኒት ልትጀምር ነው።

እሷ ደንግጣለች፤ እኔ ደግሞ ምስሉ በደህና በመቀመጡ ደስ ብሎኛል። ደስታዬ አሳፈረኝ። ወጥቼ ባጃጅ ፈለግኩላት።

ኅዳር 17

ክፉ ቀን።

ረፋድ ላይ መብራት ሄደ፣ ተመለሰ። የራጁ ኮምፒውተር ትንሽ ነው፣ ቶሎ ነቃ። ሰርቨሩ ትልቅ ነው፣ ቀስ ብሎ ይነሳል። ትንሹ ነቅቶ "ዲስኬ የት አለ?" አለ። የለም። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አውጥቶ ግትር ብሎ ቆመ። ደጅ ሰልፍ። እጁ የተሰበረ ልጅ ያለቅሳል።

ጌጡ በሰው ሁሉ ፊት፣ "ይኸው! የራሱ ዲስክ የነበረውን ማሽን የሰው እጅ ጠባቂ አደረግሽው!" አለኝ።

የሰው እጅ ጠባቂ። አጥንቴ ድረስ ገባ። ስለማውቀው ይሆን? የሰው እጅ ስጠብቅ ነው የኖርኩት እኮ...

ሰርቨሩ እስኪነሳ ጠብቄ ኮምፒውተሩን እንደገና አስነሳሁት። ሠራ። ልጁም ራጅ ተነሳ። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩ።

ኅዳር 18

ሌሊቱን ተናድጄ ሳነብ አደርኩ፤ ከንዴቱ ይልቅ ንባቡ ጠቀመኝ። ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም፤ ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ አልነገርኩትም። አሁን ነገርኩት። ኔትወርክ ሳይነሳ ዲስኩን አትፈልግ። ብታጣውም ግትር ብለህ አትቅር። ደጋግመህ አንኳኳ። ዲስኩ እስኪመጣ ደግሞ ራጅ እንዳትቀበል።

ኅዳር 21

እሑድ። ጌጡን "ና እይ" አልኩት። መጣ። በፊቱ የሰርቨሩን ኤሌክትሪክ ነቀልኩ። የራጁንም ነቀልኩ። ሁለቱንም ሰካሁ። ትንሹ ነቃ። ዲስኩን አጣ። አልደነገጠም፤ ጠበቀ። ሰርቨሩ ተነሳ፣ በሩ ተከፈተ፣ ዲስኩ መጣ፣ የፍቅርተ ራጅ ከነስሟ ተከፈተ።

"ድገሚው" አለ ጌጡ። ደገምኩት።

"እንደገና።" እንደገና።

"እሺ" አለ። ከጌጡ አፍ "እሺ" መስማት ከሰው ሙሉ ንግግር ይበልጣል። በር ላይ ደርሶ ዞረና፣ "ያን ቀን ያልኩሽ... ሰልፉ አስጨንቆኝ ነው" አለ።

"አውቃለሁ" አልኩት። አውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 6

ዶክተሩ ለሰርቨሩ መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ ገዛ። የራጅ ክፍሉ ደግሞ ሌላ ጊዜ ይገዛል ተብሏል።

እትዬ ዘነበች ባትሪውን አቧራ እየጠረጉ፣ "የኔ ልጅ፣ እሱ ራሱ ቢሞትስ?" አሉ ሰርቨሩን እያሳዩ። "ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል።"

እውነታቸውን ነው! አንድ ባላ ብቻ ነው የተከልኩ። ዛሬ ሁለተኛውን ተከልኩ። በየቀኑ ቅጂ እየተወሰደ በሌላ ዲስክ ይቀመጣል፤ እሱም ዶክተሩ ቢሮ ተቆልፎበት ያድራል። የራጁን ፕሮግራም ራሱንም ሙሉ ቅጂ ወሰድኩ። አያስፈልግም ይሆናል... ይኑር።

ታኅሣሥ 15

አባቴ ጋ ደወልኩ። ከትውልድ ከተማዬ ከአንበሳሜ አጠገብ፣ ከአውድማው ላይ ሁነው ስልኩን አነሱ። በሬዎቹ ይሰማሉ።

"ሥራሽ እንዴት ነው?"

"ደህና ነው አባባ። አንዱን ኮምፒውተር ከሌላው ጋር አገናኝቼ..." ቀጠልኩ። ብዙ ቀባጠርኩ መሰለኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ሰው ይድናል ወይ በሱ?" አሉ።

"የሚያድነው ሐኪሙ ነው። እኔ ሐኪሙ ያየው እንዳይጠፋ ነው የማደርገው።"

"ይበቃል" አሉ። ከዚያ በሬውን "ሃ!" ብለው ስልኩን ዘጉት።

ጥር 13

ጥምቀት በሰላም አለፈ። ማሽኖቹም በሰላም። የሚጻፍ የለም። እንዲህ ያለ ቀን ይብዛልኝ።

የካቲት 5

ደክሞኛል። ግን ልጻፈው።

ጠዋት መብራት መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ አለ። አንዴ በኃይል መጣ። ራጅ ክፍል "ጧ!" አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። ጌጡ "የምስራች!" ብሎ ሲጣራ ግቢው ሁሉ ሰማው። ሮጥኩ። ትንሹ ኮምፒውተር ሞቷል። የራጅ ማንሻው ራሱ ደህና ነው፤ ከግድግዳው ቀድሞ ተነቅሎ ነበር። ኮምፒውተሩ ግን... ስከፍተው የውስጥ ዲስኩም ጠቁሯል።

ጌጡ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። "አለቀ" አለ። "ሁሉም አለቀ። የስንት ሰው ራጅ!"

"ምን አለቀ?" አልኩት።

"ዲስኩ ተቃጥሏል እኮ!"

"የራሱ ዲስክ ነው የተቃጠለ። የሰው ራጅ እዚህ የለም ጌጡ። ካርድ ክፍል ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። ረስቶት ነበር። ይኸን ያህል ጊዜ ሲሠራበት ዲስኩ ማዶ እንዳለ ረስቶታል! የሠራሁት በደንብ ስለሠራ ተረስቷል። ከዚህ በላይ ሙገሳ የት ይገኛል?

ደጅ ሰው ተቀምጧል። ከነሱ መሃል ፍቅርተ። ለውጧ የሚታይበት ቀኗ ዛሬ ነው።

ከእንግዳ መቀበያ የቆመውን ትርፍ ኮምፒውተር ጌጡ ተሸክሞ አመጣ። መጀመሪያ የሞተውን ከኬብሉ ነቀልኩት፤ አንድ ዲስክ፣ አንድ ባለቤት። ከዚያ የፕሮግራሙን ቅጂ ጫንኩ። ከዚያ የሟቹን ስም ለአዲሱ ሰጠሁት፤ ሰርቨሩ ሌላ ስም አያስገባም። ፊደል በፊደል። ጌጡ ከኋላዬ ቆሞ አብሮኝ ያነባል። አንዱ ላይ "ኤል ነው፣ አንድ እንዳትይው" አለኝ። ታሪኬን ነግሬው ኖሯል?

አንኳኳ።

ተከፈተ።

ከኅዳር ጀምሮ ራጅ የተነሳ ሰው ሁሉ ስክሪኑ ላይ በተርታ ወረደ። ስም በስም። አንድም አልጎደለ። ጌጡ "እመቤቴ!" ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ።

ፍቅርተን ራጅ አነሳናት። ዶክተሩ የኅዳሩንና የዛሬውን ጎን ለጎን አድርጎ ጠራት። "ነይ ራስሽ እዪው። ይኸ ያኔ ነው። ይኸ ዛሬ ነው።" ያኔ ጥላ ያለበት ቦታ ዛሬ ጠርቷል። ትንሽ ጠባሳ ብቻ።

ፍቅርተ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን እያየች፣ "ይኸ ሁሉ እኔ ውስጥ ነበር?" አለች። ከዚያ አለቀሰች። ዶክተሩ መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ ሲላት በእንባዋ መሃል ራሷን ትነቀንቃለች።

በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። እጄ ላይ ካርድ የለም።

የካቲት 6

ጌጡ ጠዋት መጥቶ፣ "ለኔም አሳዪኝ። አንቺ ባትኖሪ ማን ያስነሳዋል?" አለ። ሰጪውና ተቀባዩ ምን እንደሚባባሉ አሳየሁት። ቶሎ ይገባዋል። ከሰዓት ራሱ ነቅሎ፣ ራሱ አስነሳ። ለአንዱ ታካሚ ደግሞ፣ "አይፍሩ፣ የርስዎ ራጅ እዚህ አይደለም ያለው" ሲል ሰማሁት። ሰውዬው ይብሱን ፈሩ።

ለራጅ ክፍሉም ባትሪ ተገዛ። ዛሬውኑ።

መጋቢት 10

ዶክተሩ ቢሮው ጠራኝ። ካርድ የሚያመላልስ ሌላ ሰው ተቀጥሯል። እኔ ሰርቨሩ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጠኝ። ደግሞ አንበሳሜ ያለው የጓደኛው ክሊኒክ ይኸንኑ ሰምቶ ኖሯል። ራጃቸው እንደኛ ሞልቶባቸዋል።

"ትሄጂላቸዋለሽ?"

"እሄዳለሁ" አልኩ። ሳላስብ። አንበሳሜ! አገሬ እኮ ነው።

ለአባቴ ደውዬ እንደምመጣ ነገርኳቸው። "ከፋሲካ በኋላ ይሁን" አሉ። "በጾም አትምጪ፣ ምን አበላሻለሁ?"

ሚያዝያ 10

አንበሳሜ። የፋሲካ ሰሞን ነው፤ ከተማው ጠላ ጠላ ይሸታል። ጠዋት በሚኒባስ መጣሁ።

እዚህ መሬት መቆፈር አላስፈለገም፤ ሁለቱ ክፍሎች ግድግዳ ይጋራሉ። በግድግዳው ቀዳዳ ኬብሉን አሳለፍን። ሰጪውን ሠራሁ። የተቀባዩን ስም መዘገብኩ። የዚህኛው ክሊኒክ ራጅ አንሺ ዓይናለም፣ ፈጣን ልጅ ናት፣ ከኔ እኩል ትጠይቃለች። "በሁለቱም በኩል ብከፍተውስ?" አለች። "እንዳታደርጊው" አልኩና ግማሽ ግራጫ የሆነ የራሴን ፊት አሳየኋት። ስልኬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ገባት።

ዲስኩ ዝርዝሩ ላይ ሲወጣ እልል አላልኩም። ዓይናለም ናት እልል ያለች።

ከዚያ የፕሮግራሙን ማስቀመጫ ሳዞር የግቢው ጥበቃ በሩን አንኳኳ።

"አንድ ሽማግሌ መጥተዋል።"

"ታካሚ ናቸው?"

"አይደሉም። ማን ልበል ብላቸው፣ የየምስራች አባት ነኝ አሉ።"

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

በዚህ አገር ሰው በአባቱ ነው የሚጠራው። እዚህ ገበያ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ "የይሻው ልጅ" ነኝ። ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ይሻውን የማያውቅ ግን የለም። ይሻው ነኝ ቢሉት ጥበቃው ተነስቶ ወንበሩን ይለቅላቸው ነበር። ስማቸውን ትተው የኔን ሰጡ።

ወጣሁ። ለፋሲካ የተገዛውን ነጭ ጋቢ ለብሰው ግድግዳው ሥር ቆመዋል። ጉልበት ስሜ ስነሳ ወደ ክፍሉ አሻግረው አዩ።

"ጨርሰሻል?"

"ትንሽ ይቀረኛል አባባ።"

"ግቢ። ሥራ ሳይጨርሱ ወሬ አይሆንም። እኔ አለሁ።"

ከታካሚዎቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አጠገባቸው ያሉት ሴትዮ ማንን እንደሚጠብቁ ሲጠይቋቸው ገርበብ ባለው በር በኩል ሰማሁ።

"ልጄን" አሉ። "ሥራ ላይ ናት።"

ሳልቸኩል ጨረስኩ።